የቤተሰብ አርማ፦ አጣርቶ፣ ነድፎና አስመዝግቦ የራስ ለማድረግ ዝርዝር መመሪያ

ስማችሁን አንድ ድረ ገጽ ላይ ትጽፋላችሁ። ወዲያው ጋሻ፣ አንበሳና ዘውድ ያለበት ሥዕል ይመጣል። «የቤተሰባችሁ አርማ ይኸው» ይላል። ሥሩ ላይ የትርጉም ዝርዝር አለው፤ ቀይ ጀግንነት፣ ሰማያዊ ታማኝነት እያለ ይቀጥላል። ከፍላችሁ ታሳትማላችሁ። የሰርግ ጥሪ ላይ ታወጡታላችሁ። ክንዱ ላይ የሚነቀሰውም አለ።

ያ አርማ የእናንተ አይደለም። በእንግሊዝም ሆነ በስኮትላንድ አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለስም አይደለም። ከተሰጠው ሰው ወደ ተወላጆቹ ይወርዳል። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ማንም አይወርሰውም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው፣ ግን የማይዛመዱ ቤተሰቦች የየራሳቸው አርማ ይኖራቸዋል። አብዛኞቹ ደግሞ ጨርሶ የላቸውም።

የራሳቸውን ለመሥራት የሚነሱትም ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ይቀራሉ። ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ይሥላሉ፣ ከዚያ ያስባሉ፣ መጨረሻ ላይ ሕጉን ይጠይቃሉ። እዚህ በተቃራኒው እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የእናንተን፣ የወላጆቻችሁንና ከተገኘ የአያቶቻችሁን የልደትና የጋብቻ ማስረጃ። ስሞቹ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፉ አንድ በአንድ አስተያዩ። አባት ፓስፖርቱ ላይ በአንድ መንገድ፣ ልጅ የልደት ወረቀቱ ላይ በሌላ መንገድ ተጽፎ ከሆነ አሁኑኑ መዝግቡት። ኋላ ላይ ትጠየቃላችሁ።
- የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና የቀለም እርሳሶች፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ቀለም ከሣጥኑ አታውጡት።
- የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጥ አንድ ሰው። ይህን አትዝለሉት። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁሉም የወደደውን ሲጨምር ጋሻው ይሞላና የማይነበብ ይሆናል። ሐሳብ ከሁሉም ይሰብሰብ፤ የሚቆርጠው ግን አንድ ሰው ይሁን።

ደረጃ 1፦ ያለውን አጣሩ

በእጃችሁ የገባ ወይም ሊሸጥላችሁ የቀረበ አርማ ካለ ሻጩን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. ይህ አርማ መጀመሪያ ለማን ተሰጠ? የሰውዬውን ሙሉ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አትቀበሉ።
2. በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በየትኛው ባለሥልጣን?
3. እኔ ከዚያ ሰው ጋር በየት በኩል እዛመዳለሁ?

ሦስተኛውን ሻጭ ሊመልስ አይችልም። ዝምድናችሁን አያውቅምና። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም ካልመለሰ ግዢውን ተዉት።

የኛ ስሞች እዚህ ላይ ልዩ ወጥመድ አላቸው። ጣሊያን ውስጥ ለማ፣ ስፔን ውስጥ ሞላ የሚባሉ የቤተሰብ ስሞች አሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ከኛዎቹ ለማና ሞላ ጋር ይገጥማሉ። የድረ ገጹ ማሽን ፊደል እንጂ የዘር ሐረግ አያይም። ስለዚህ የወሎው ሞላ ልጅ የስፔን ቤተሰብ ጋሻ ይደርሰዋል።

እውነተኛ ግንኙነት ሊኖር የሚችለው በጋብቻ ነው። ለምሳሌ የልጆቻችሁ አባት ስኮትላንዳዊ ከሆነ በእርሱ ወገን የተመዘገበ አርማ ሊኖር ይችላል። ያኔም ቢሆን ተጠንቀቁ። በስኮትላንድ አንድ አርማ በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ነው። ታናናሾች የሚጠቀሙት መለያ ምልክት ተጨምሮበት በስማቸው ሲመዘገብ ነው። የጎሣ አባል ያለ ምዝገባ ማድረግ የሚችለው የጎሣ መሪውን የራስ ቁር ምልክት፣ ማለትም ከጋሻው በላይ በቁሩ ላይ የሚቆመውን ጌጥ፣ በቀበቶና ዘለበት ተከቦ ነው። ባርኔጣ ላይ የሚሰካው ባጅ ይህ ነው።

*ማስረጃው መሐል ላይ ከተቋረጠ፦* በግምት አትሙሉት። የአንድ ትውልድ ክፍተት ውርሱን በሙሉ ያፈርሰዋል። አዲስ አርማ መሥራት የሚያሳፍር አይደለም፤ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

ደረጃ 2፦ የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ

ከመሣላችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ የሥዕሉንም ይዘት ይወስናል።

ስኮትላንድ። ከሁሉም ጥብቅ ናት። ሥልጣኑ ኤድንብራ የሚገኘው፣ የአርማ ጉዳይ የሚዳኘው የሎርድ ላየን ፍርድ ቤት ነው። መዝገቡ በ1672 ሕግ የቆመ ነው። እዚያ ያልተመዘገበ አርማ የራስ አድርጎ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል።

እንግሊዝ። ለንደን ያለው የአርማ ኮሌጅ በ1484 ተቋቁሟል። አርማ የሚሰጡት የንጉሡ ሄራልዶች፣ ማለትም የአርማ ሹማምንት ናቸው። ክፍያው በሺዎች ፓውንድ የሚቆጠር ነው። ከኢትዮጵያ ሄዶ የብሪታንያ ዜግነት ያገኘ ሰው ማመልከት ይችላል። ሲገመግሙ ትምህርትን፣ ሥራንና ለኅብረተሰቡ የተሰጠ አገልግሎትን ያያሉ።

አየርላንድ። ከ1943 ወዲህ የዋናው ሄራልድ ቢሮ ይሰጣል።

ካናዳ። የሄራልድሪ፣ ማለትም የአርማ ሙያ፣ ባለሥልጣኑ የተመሠረተው በ1988 ነው። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። ዜጎች ማመልከት ይችላሉ። ሴት ልጅም ከወንድ እኩል ትወርሳለች። በእኔ አስተያየት ለሐበሻ ቤተሰብ ከሁሉም የተመቸው የካናዳ ሥርዓት ነው።

ጀርመን። የመንግሥት ሰጪ ቢሮ የለም። በርሊን ያለውና በ1869 የተመሠረተው ሄሮልድ ማኅበር ይመዘግባል። አርማው ከቤተሰብ ስም ጋር አብሮ የሚሄድ ስለሆነ ግን የአባት ስም በየትውልዱ ለሚለወጥበት ቤተሰብ ይከብዳል። በጀርመን መዝገብ የጸና አንድ የቤተሰብ ስም ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

አሜሪካ። መንግሥት ለግለሰብ አርማ አይሰጥም፣ አይከለክልምም። የራሳችሁን አዲስ አርማ መያዝ ትችላላችሁ። የሌላን ሰው አለመንካት ግን የእናንተ ኃላፊነት ነው። በክፍያ የሚመዘግቡ የግል ማኅበራት አሉ።

ኢትዮጵያ። ለግለሰብ አርማ የሚሰጥ የመንግሥት ቢሮ የለም። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ የአሜሪካውን መንገድ ተከተሉ።

ደረጃ 3፦ አንድ ሐሳብ ምረጡ

አንድ። የአያት አርበኝነት፣ የእናት ነርስነት፣ የትውልድ መንደር፣ የኮምፒውተር ሙያ፣ ሁሉም ጋሻው ላይ ልግባ ሲሉ አርማው ፖስተር ይሆናል።

ከሁሉም የሚሻለው ከስም መነሳት ነው። የቆየ ዘዴ ነው። በ1596 ለሼክስፒር አባት የተሰጠው አርማ ላይ ያለው ጦር ነው፤ ስማቸው ውስጥ «ጦር» የሚል ቃል አለና። ሥዕሉ ስሙን ያስታውሳል፣ ስሙም ሥዕሉን።

በዚህ በኩል እኛ ታድለናል። ፀሐይ፣ ኮከብ፣ ጎሹ፣ አንበሴ፣ አበባ፣ ሐረግ፣ ወርቁ፤ ሁሉም ይሣላሉ። ስማችሁ የማይሣል ከሆነ ወደ ሙያ ወይም ወደ ትውልድ ቦታ ሂዱ፦ ጀበና፣ ክራር፣ እንሰት፣ ዋልያ፣ የጤፍ ዘለላ። ዘውዱ ወይም ዘውዴ የሚባል ስም ካላችሁ ግን ዘውድ አትሣሉ። ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታገኛላችሁ።

የድረ ገጾቹን የትርጉም ዝርዝር ተዉት። ለቀለምም ሆነ ለእንስሳ ሁሉም የሚስማማበት ቋሚ ትርጉም በሄራልድሪ የለም። የአርማችሁ ትርጉም እናንተ የሰጣችሁት ነው። በሁለት አረፍተ ነገር ጻፉትና ከሰነዶቹ ጋር አስቀምጡት። ለልጅ ልጆቻችሁ ከማንኛውም ዝርዝር የሚበልጠው እሱ ነው።

አትጠቀሙባቸው፦

- ዘውድ የደፋ፣ የመስቀል በትር የያዘ የይሁዳ አንበሳ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ምልክት ነበር። አንበሳ ከፈለጋችሁ ያለ ዘውድና ያለ በትር ሣሉ።
- በሰማያዊ ክብ ላይ ያለው ባለ ጨረር ኮከብ። የአሁኑ የመንግሥት ዓርማ ነው።
- በነጭ ላይ ቀይ መስቀል፣ ክንዶቹ እኩል የሆኑት። በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ የቀይ መስቀል ምልክት ነው። ሌላ ቅርጽ ወይም ሌላ ቀለም ያለው መስቀል ይቻላል።

ደረጃ 4፦ ቀለም

ብዙ ንድፍ የሚወድቀው እዚህ ነው። በሄራልድሪ ሁለት «ማዕድን» አሉ፦ ወርቅ፣ ማለትም ቢጫ፤ ብር፣ ማለትም ነጭ። የተለመዱት ቀለሞች ደግሞ አምስት ናቸው፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ።

ደንቡ አጭር ነው። ቀለም በቀለም ላይ አይውልም። ማዕድንም በማዕድን ላይ አይውልም።

ምክንያቱ መታየት ነው። አረንጓዴ ጋሻ ላይ ያለ ቀይ አንበሳ ከአሥር እርምጃ ርቀት ይጠፋል። ነጭ ላይ ያለ ቢጫ አበባም እንደዚያው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነውን ሰንደቅ ዓላማችንን ተመልከቱ፤ አረንጓዴውና ቀዩ አይነካኩም፣ መሐላቸው ቢጫ አለ። በሩቅ ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ጋሻችሁም እንዲሁ ይሁን፦ የወርቅ አንበሳ በአረንጓዴ፣ ቀይ አንበሳ በወርቅ፣ የብር ኮከብ በሰማያዊ።

*ሁለት ቀለም ካልተጣጣመላችሁ፦* ሦስት መውጫ አለ። አንደኛ፣ አንዱን ወደ ማዕድን ለውጡ። ሁለተኛ፣ በሥዕሉና በመደቡ፣ ማለትም በጋሻው ገጽ፣ መካከል የወርቅ ወይም የብር ክብ አስገቡ። ሦስተኛ፣ ጋሻውን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ቀለም፣ ግማሹን ማዕድን አድርጉትና ሥዕሉን በመሐል መስመሩ ላይ አድርጋችሁ ቀለሙን ገልብጣችሁ ቀቡት፤ ቀለሙ ጋ ማዕድን፣ ማዕድኑ ጋ ቀለም ይሆናል። ሦስተኛው ከሁሉም ያምራል።

ለኢየሩሳሌም መንግሥት አርማ ተብሎ የሚጠቀሰው የወርቅ መስቀል በብር ላይ ነው። ደንቡን እንደጣሰ የሚታወቅ ልዩ ጉዳይ ነው፤ ሰበብ አታድርጉት።

ደረጃ 5፦ በጋሻው ላይ አስቀምጡ

1. ከደብተሩ ላይ ጋሻ ንደፉ። የአውሮፓው ቅርጽ ግዴታ አይደለም። የኛን ክብ የቆዳ ጋሻም መጠቀም ይቻላል።
2. ቀኝና ግራን አስተካክሉ። የሚቆጠረው ጋሻውን ከኋላ ከያዘው ሰው ነው። ስለዚህ የጋሻው ቀኝ ለተመልካች ግራ ነው። እንስሳ ሁሉ ወደዚያ ይመለከታል። ፊቱን ወደ ሌላው ያዞረ አንበሳ የተሳሳተ ይመስላል።
3. ሥዕሉን አሳድጉ። ጋሻውን ይሙላ። በትልቅ ባዶ ሜዳ መሐል የቆመች ትንሽ ወፍ አትሠራም።
4. ፊደልና ቁጥር ጋሻ ላይ አታስገቡ። ፎቶም አይገባም። ግእዝ ካማራችሁ ከታች ላለው ጥቅስ አቆዩት።
5. አሳንሳችሁ ፈትኑት። 3 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ክፍሉን አቋርጣችሁ እዩት።

የላሊበላን መስቀል የመረጡ ሰዎች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። በትልቁ ሲሣል ጥልፍልፉ፣ በክንፎቹ ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ ጫፎች ሁሉ ያስደስታሉ። 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ክፍተቶቹ ይደፈኑና ጠቆር ያለ ጠብታ ይመስላል። መፍትሔው የውጭ ቅርጹን ይዞ ውስጡን ማቅለል ነው፤ ከጥልፍልፉ ሦስት አራት ክፍተት ብቻ አስቀሩ። መስቀልነቱም ላሊበላነቱም አይጠፋም።

ደረጃ 6፦ በቃል ጻፉት

በሄራልድሪ አርማው ማለት የቃል መግለጫው ነው። ሥዕሉ ከብዙ አሣሣሎች አንዱ ብቻ ነው። ሠዓሊ ቢለወጥ፣ አንበሳው ቢወፍር ወይም ቢከሳ፣ መግለጫው እስካልተለወጠ አርማው ያው ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦

1. የጋሻው መደብ ቀለም።
2. ዋናው ሥዕል፣ አቀማመጡና ቀለሙ።
3. በዙሪያው ያሉ ሥዕሎች፣ ከነቁጥራቸው።
4. ዳር፣ ማለትም ጋሻውን የሚዞር ጠርዝ፣ ወይም ራስጌ ካለ፣ በላዩ ካለው ጋር።

ምሳሌ፦ «ሰማያዊ ጋሻ፤ መሐሉ ላይ የወርቅ ጀበና፤ የብር ራስጌ፣ በላዩም ሦስት ቀይ የቡና ፍሬዎች በአግድም።» ራስጌ ማለት የጋሻውን የላይኛውን አንድ ሦስተኛ ያህል የሚይዘው ንጣፍ ነው። ቀለሙን አጣሩት፦ ወርቅ በሰማያዊ፣ ብር ከሰማያዊ ጋር፣ ቀይ በብር። ሁሉም አልፏል።

አሁን ጽሑፉን ሥዕሉን ላላዩ ሁለት ሰዎች ስጡና እንዲሥሉ ጠይቁ። ሁለቱ ንድፎች በይዘት ከተመሳሰሉ ጨርሳችኋል።

*ካልተመሳሰሉ፦* የተለያዩበትን ነገር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ቁጥር ወይም አቅጣጫ ነው። የጀበናው አፍ ወዴት እንደዞረ ካልጻፋችሁ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይሥለዋል። አንድ ቃል ጨምሩና እንደገና ፈትኑ። መግለጫው ከአምስት መስመር ካለፈ ግን ችግሩ ጋሻው ላይ ነው። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ከጋሻው ውጭ ያለው

ጋሻው ብቻውን ሙሉ አርማ ነው። ሌላው ጌጥ ነው፤ መዝለል ትችላላችሁ። ከፈለጋችሁ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፦ ከጋሻው በላይ የራስ ቁር፣ በላዩ ስድስት ጥምዝ ያለው፣ በማዕድንና በቀለም እየተፈራረቀ የተገመደ ጨርቅ፣ በላዩ የቁሩ ጌጥ። ጌጡ የራስ ቁር ላይ በእውነት ሊቆም የሚችል ነገር ይሁን። ደመናና ቀስተ ደመና አይቆሙም። ጥቅሱ ከጋሻው ሥር በጥብጣብ ላይ ይጻፋል፤ ከአራት አምስት ቃል አይብለጥ።

ጋሻውን ግራና ቀኝ ደግፈው የሚቆሙ እንስሳት አትጨምሩ። እንግሊዝ ውስጥ ለመኳንንትና ለከፍተኛ ኒሻን ባለቤቶች የተጠበቁ ናቸው። የማዕረግ ዘውድም እንዲሁ። እነዚህ ያሉበት ማመልከቻ ተመላሽ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ያልተያዘ መሆኑን አረጋግጡ

የካናዳን መዝገብ ፈልጉ። ሥዕሉን በምስል ፍለጋ አስገቡ። የምትኖሩበትን አገር ማኅበር በኢሜይል ጠይቁ። ጋሻው ቀላል በሆነ ቁጥር ከሌላ ጋር የመገጣጠም ዕድሉ ይጨምራል፤ ሰማያዊ ጋሻ ላይ አንድ የወርቅ ኮከብ ብቻ ማለት ለችግር መጋበዝ ነው።

*ከሌላ ሰው ጋር ከገጠመ፦* ሁሉን አትጣሉ። ዳር ጨምሩ፣ ወይም የሥዕሉን ቁጥር ቀይሩ፣ ወይም መደቡን ክፈሉ። ከዚያ ደረጃ 4ንና 6ን እንደገና አሳልፉት።

ደረጃ 9፦ አስመዝግቡ

በእንግሊዝና በካናዳ ለመጨረሻው ሥዕል ሠዓሊ ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉላቸው። ንድፉን አብረዋችሁ ይሠራሉ፤ የእናንተ ረቂቅ መነሻ ነው። ማመልከቻው ደብዳቤ፣ የሕይወት ታሪክና የማንነት ማስረጃ ይፈልጋል። ክፍያውን ከራሳቸው ድረ ገጽ በዕለቱ አረጋግጡ፤ ይለወጣል። ሒደቱ በወራት የሚያልቅ አይደለም፤ ለሠርግ ቀን ለማድረስ አትቸኩሉ።

የሐበሻ ማመልከቻ የሚሰናከለው በስም ላይ ነው። የአበበ ልጅ ካሳ፣ የካሳ ልጅ ሶስና። የሶስና የመጨረሻ ስም ካሳ ነው፣ የካሳ ደግሞ አበበ። መዝጋቢው ሁለት ቤተሰብ ይመስለዋል። ስለዚህ፦

- በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ሥርዓቱን በሁለት መስመር አስረዱ፦ የመጨረሻው ስም የአባት ስም ነው፣ በየትውልዱ ይለወጣል።
- የትውልድ ሰንጠረዥ አያይዙ። እያንዳንዱ ስም በማስረጃው ላይ እንዳለ ሆሄ በሆሄ ይጻፍ። ልዩነት ካለ በግርጌ ይገለጽ።
- ወራሾችን በስም ሳይሆን በተወላጅነት ግለጹ። «የካሳ ቤተሰብ» አትበሉ፤ «የካሳ አበበ ተወላጆች» በሉ።
- ወንድምና እህት አብረው መጠቀም ከፈለጉ ገና ከጅምሩ ተናገሩ። በእንግሊዝ ስጦታው ለአመልካቹ አባት ተወላጆች ሁሉ እንዲዘረጋ መጠየቅ ይቻላል። ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ማስታወስ አይጠቅምም።

ሰጪ ቢሮ በሌለበት አገር ደግሞ መግለጫውን፣ ሥዕሉን፣ ቀኑንና የወራሾቹን አገላለጽ በአንድ ወረቀት ላይ አድርጉ። ፈርማችሁ ውልና ማስረጃ ወይም ኖተሪ ዘንድ አረጋግጡት። የግል ማኅበር መዝገብም ጨምሩ። ሕጋዊ ጥበቃው ውስን ቢሆንም መቼ እንደጀመራችሁ ያስመሰክራል።

ደረጃ 10፦ አጠቃቀም

ሠዓሊውን ቢሰፋ የማይደበዝዝ የቬክተር ፋይል ጠይቁ። ለማኅተም ጥቁርና ነጭ ቅጂ አሠሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ የመስመር ሥርዓት አለ፦ ነጥብ ወርቅ ነው፣ ባዶ ብር፣ ከላይ ወደ ታች የተሠመረ መስመር ቀይ፣ አግድም ሰማያዊ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሲቆራረጡ ጥቁር። የጀበናው ምሳሌ በዚህ ሲሠራ መደቡ አግድም መስመር፣ ጀበናው ነጠብጣብ ይሆናል።

ልጆች በአባት ዘመን መለያ ይጨምራሉ። በእንግሊዝ ልማድ የበኩር ልጅ ከጋሻው በላይኛው ክፍል ሦስት ጥርስ ያለው አግድም ጥብጣብ፣ ሁለተኛው ግማሽ ጨረቃ፣ ሦስተኛው ኮከብ ያደርጋል።

ቀድሞ የተገዛውን ምን እናድርገው?

ስኮትላንድ ውስጥ ከሆናችሁ ከደብዳቤ ራስጌ፣ ከቀለበትና ከመኪና ላይ አውርዱት። ሌላ አገር ከሆነ ግድግዳ ላይ ቢቀር ማንም አይከሳችሁም፤ ከጀርባው ግን «የተገዛ ጌጥ፣ የቤተሰባችን አይደለም» ብላችሁ ጻፉበት። ካልጻፋችሁ ልጆቻችሁ እውነት ነው ብለው ይወስዱታል። ዘር የሚያጠና የልጅ ልጅም ስፔን ድረስ የሌለ ዘመድ ሊፈልግ ይሄዳል። ገንዘቡን ለማስመለስ ካሰባችሁ ሻጩን የደረጃ 1ን ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ጠይቁ። «የቤተሰባችሁ አርማ» ብሎ የሸጠበትን ገጽ ፎቶ አንሡ። የከፈላችሁት በካርድ ከሆነ ሁለቱንም ይዛችሁ ባንካችሁን አነጋግሩ።